ስላይዱ ላይ ታይቶ ፕሌቱ ላይ ሲጠፋ፦ አናኤሮቢክ ባክቴሪያን በደሴና በኮምቦልቻ ላቦራቶሪዎች የመለየት ዝርዝር መመሪያ

ከሆድ ዕቃ ወይም ከጥልቅ ቁስል የተቀዳ መግል ወደ ላቦራቶሪ ይመጣል። ሽታው ክፍሉን ይሞላዋል። በግራም ቀለም የተነከረው ስላይድ ላይ ነጭ የደም ሴሎችና ዓይነታቸው የበዛ ባክቴሪያዎች ተጨናንቀው ይታያሉ። ከ48 ሰዓት በኋላ ፕሌቱ (ባክቴሪያ የሚዘራበት ሳህን) ሲወጣ ግን ምንም የለበትም፤ የውጤት ወረቀቱም ላይ «ምንም ባክቴሪያ አላደገም» ተብሎ ይሰፍራል። ሐኪሙ ይህን አንብቦ መድኃኒት ሊያቆም ወይም ሊቀይር ይችላል። ባክቴሪያዎቹ ግን ነበሩ፤ አናኤሮቢክ፣ ማለትም ኦክስጅን ባለበት የማያድጉ ሆነው ሳለ የተዘሩት ኦክስጅን ባለበት ስለሆነ አላደጉም።

ይህን መመሪያ የጻፍኩት ለዚያ ባዶ ፕሌት ነው። በደሴ፣ በኮምቦልቻና በአካባቢው ላቦራቶሪዎች ለምትሠሩ ባለሙያዎች፣ በወሎ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ላቦራቶሪ ሳይንስ ለምትማሩም ጭምር ይሆናል። ውድ ማሽን በሌለበት፣ በጃር፣ በጥቂት ሚዲያዎችና መድኃኒት በተነከሩ የወረቀት ዲስኮች ምን ያህል መድረስ እንደሚቻል ደረጃ በደረጃ እናያለን። የባክቴሪያውን የመጨረሻ ስም ማግኘት ባትችሉ እንኳ ለታካሚው ሕክምና የሚበቃ ውጤት መስጠት ትችላላችሁ፤ እኔ በዚህ አጥብቄ አምናለሁ።

ከናሙናው በፊት፦ ከፍታውና አውቶክሌቩ

አብዛኛው የላቦራቶሪ መጽሐፍ የተጻፈው በባሕር ወለል አቅራቢያ ላለ ሰው ነው። ደሴ በ2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ በ1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። መጽሐፉ «በ15 ፒኤስአይ ግፊት ለ15 ደቂቃ» ሲል 121 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ማለቱ ነው። የአውቶክሌቩ (ዕቃን በግፊት እንፋሎት የሚያመክነው መሣሪያ) የግፊት መለኪያ የሚያሳየው ግን ከውጭው አየር ግፊት በላይ ያለውን ብቻ ነው፤ የደሴ አየር ደግሞ ስስ ነው። ደሴ ላይ መርፌው 15ን ሲያሳይ በውስጥ ያለው ሙቀት 117 ዲግሪ እንኳ አይሞላም። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ስፖርን (ሙቀትን የሚቋቋም፣ ዘር መሰል የባክቴሪያ ቅርጽ) የመግደል አቅሙ ከግማሽ በታች ይወርዳል። የምንሠራው ስፖር ከሚፈጥሩት ከክሎስትሪዲየም ዝርያዎች ጋር ስለሆነ ይህ የሚታለፍ ጉዳይ አይደለም።

ስለዚህ ደሴ ላይ 19፣ ኮምቦልቻ ላይ 18 ፒኤስአይ ገደማ ያስፈልጋል። ከሁሉ በላይ ግን የግፊቱን መለኪያ ትታችሁ ቴርሞሜትሩን ተከተሉ፤ ሰዓት መቁጠር የምትጀምሩት 121 ዲግሪ ሲደርስ ነው። አሮጌ አውቶክሌቭ ከሆነና አምራቹ ከፈቀደው ግፊት በላይ መውጣት ካልቻለ፣ ቫልቩን ከመነካካት ይልቅ ጊዜውን አርዝሙና ውጤቱን በስፖር አመልካች አረጋግጡ።

ሚዲያዎቹ

ሚዲያ ባክቴሪያ የሚያድግበት ምግብ ነው፤ የረጋው አጋር፣ ፈሳሹ ብሮዝ ይባላል። ዋናው ፕሌት የብሩሴላ ደም አጋር ነው፦ የብሩሴላ አጋር መሠረት፣ 5 በመቶ የበግ ደም፣ በሊትር 5 ሚሊ ግራም ሄሚን፣ እንዲሁም በሊትር ከ1 እስከ 10 ሚሊ ግራም ቫይታሚን ኬ1። ሄሚን በውሃ አይሟሟም፤ 0.5 ግራሙን በ10 ሚሊ ሊትር የ1 ኖርማል ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ አሟሙታችሁ በተጣራ ውሃ 100 ሚሊ ሊትር ሙሉት። ከዚህ 1 ሚሊ ሊትር ለአንድ ሊትር ሚዲያ ይበቃል። ቫይታሚን ኬ1 ደግሞ በንጹሕ አልኮል ይሟሟል፤ ብርሃን ስለሚያበላሸው በጨለማ ይቀመጥ። እነዚህ ሁለቱ ከሌሉ ፕሪቮቴላና ፖርፊሮሞናስ የተባሉት ባክቴሪያዎች ጨርሰው ላያድጉ ይችላሉ።

ደሙን በተመለከተ ወሎ በግ አያጣም። መድኃኒት ካልተሰጠው ጤነኛ በግ፣ ከአንገቱ ደም ሥር፣ በንጽሕና ተቀድቶ በመስታወት ዶቃ እየተናጠ ፋይብሪኑ ይውጣ። ጊዜው ያለፈበት የሰው ደም ከደም ባንክ አምጥቶ መጠቀም በብዙ ቦታ ይታያል፤ እኔ አልመክረውም። ፀረ እንግዳ አካላትና ፀረ መርጋት ኬሚካል ስላለበት እድገትን ሊገታ ይችላል፤ የደም መሟሟቱ መልክም ይለያያል። ደሙ የሚጨመረው አጋሩ ከ45 እስከ 50 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ነው።

ከዋናው ፕሌት ጎን ሌሎች ሁለት ፕሌቶች ቢኖሩ ሥራው በጣም ይቀላል። አንደኛው ባይል፣ ኤስኩሊንና ጄንታማይሲን ያለበት አጋር ሲሆን፣ ባክቴሮይደስ ፍራጂሊስና ዘመዶቹ በዚህ ላይ ያድጉና ዙሪያውን ያጠቁሩታል። ሁለተኛው ካናማይሲንና ቫንኮማይሲን ያለበት፣ ደሙ በማቀዝቀዝና በማቅለጥ የፈነዳ አጋር ነው፤ ለፕሪቮቴላ ይጠቅማል። የገንዘብ አቅም አንዱን ብቻ ከፈቀደ የመጀመሪያውን ምረጡ።

የቲዮግላይኮሌት ብሮዝ ከመዘራቱ በፊት ክዳኑን አላልታችሁ ለ10 ደቂቃ አፍሉት፤ ከዚያ ክዳኑን አጥብቃችሁ አቀዝቅዙትና በዚያው ቀን ተጠቀሙበት። ደሴ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ በመሆኑ አትስጉ፤ ፈሳሽ በትክክል ሲፈላ የሟሟው ኦክስጅን ይወጣል። ሁለተኛ ጊዜ ግን አታፍሉት።

ፕሌቶቹን ከመዝራታችሁ በፊት ቢያንስ ከ6 ሰዓት እስከ አንድ ሌሊት አናኤሮቢክ ጃር (ኦክስጅን የሌለበት ዝግ ዕቃ) ውስጥ አቆዩአቸው። አየርና ብርሃን ያገኘው አጋር ፐርኦክሳይድ ያጠራቅማል፤ ይህም ባክቴሪያውን ገና ሲያርፍበት ይገድለዋል።

ናሙናው፦ ግማሹ ሥራ እዚህ ያልቃል

ብዙ ጥረት የሚባክነው በዚህ ደረጃ ነው፤ ስለዚህ ከክፍል ሐኪሞችና ነርሶች ጋር ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩበት። አናኤሮቢክ ባክቴሪያዎች በአፍ፣ በአንጀትና በማሕፀን በር አካባቢ በጤነኛ ሰው ላይም ሞልተዋል። ስለዚህ የጉሮሮ ስዋብ፣ አክታ፣ የተሸና ሽንት፣ የብልት ስዋብ፣ ሰገራና የቁስል ላይኛው ገጽ ለዚህ ምርመራ አይሆኑም። ብታሳድጓቸው የምታገኙት የታካሚውን የተለመዱ ነዋሪዎች ነው። ሰገራ የሚመረመረው ክሎስትሪዲዮይደስ ዲፊሲል ሲጠረጠር ብቻ ነው።

የሚፈለገው በመርፌ የተቀዳ መግል፣ በቀዶ ሕክምና የተቆረጠ ሕብረ ሕዋስ፣ የመገጣጠሚያ ወይም የሳንባ ሽፋን ፈሳሽ፣ ወይም ደም ነው። ስዋብ የመጨረሻ አማራጭ ነው፤ ጥጡ ውስጥ አየር አለ፣ የሚይዘው መጠን ትንሽ ነው፣ ቶሎም ይደርቃል።

መግሉ በሲሪንጅ ሲቀዳ አየሩ በጥንቃቄ ይገፋ። ከዚያ መርፌው ወጥቶ ወደ ሹል ነገሮች ሣጥን ይጣል፤ የሲሪንጁ አፍ በንጹሕ ክዳን ይዘጋ። መርፌውን መልሶ መሸፈን ሰው ያስወጋል። በሲሪንጅ ያለ ናሙና በ30 ደቂቃ ውስጥ መዘራት አለበት። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚላክ ከሆነ ግን ሲሪንጅ አይሆንም። መንገዱ ዳገትና ጠመዝማዛ ነው፤ መኪና እስኪሞላ፣ ወረቀቱ እስኪሞላ ሰዓቱ ያልፋል። ለዚህ አናኤሮቢክ የማጓጓዣ ሚዲያ ያለበት ብልቃጥ ያስፈልጋል፤ መግሉ በጎማው ክዳን በኩል ይገባል፣ ብልቃጡም ቀጥ ብሎ ይጓዛል።

ማቀዝቀዣ ውስጥ አታስገቡት። ቀዝቃዛ ፈሳሽ ኦክስጅንን በቀላሉ ያሟሟል፤ አንዳንድ ዝርያዎችም በቅዝቃዜው ይሞታሉ። የክፍል ሙቀት ሲባል ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ማለት ነው፤ የጦሳ ተራራ ነፋስ የሚገባበት መስኮት ሥር ያለ ጠረጴዛ በጥቅምትና በኅዳር ሌሊት የክፍል ሙቀት ተብሎ አይጠራም።

ማየት፣ ማሽተት፣ ግራም

ናሙናው ሲደርስ መጀመሪያ በዓይን እዩት። የከፋ ሽታ፣ ጥቁር የሞተ ሥጋ፣ የጋዝ አረፋ፣ ወይም ቢጫ ቅንጣት ካለ መዝግቡ። ሽታው ሳይፈለግ ይመጣል፤ ናሙናም ሆነ ፕሌት ወደ አፍንጫ አስጠግታችሁ አታሽትቱ። ቢጫዎቹ ቅንጣቶች የአክቲኖማይሲስ ምልክት ሊሆኑ ስለሚችሉ በሁለት ስላይድ መካከል ጨፍልቃችሁ ቀለም ንከሯቸው።

ባክቴሪያን ሐምራዊ (ግራም ፖዚቲቭ) እና ሮዝ (ግራም ኔጌቲቭ) ብሎ የሚከፍለው ግራም ስቴይን የዚህ ሁሉ ሥራ መለኪያ ነው። ስላይዱን በእሳት ፋንታ በሜታኖል ብታጣብቁት የሴሎቹ ቅርጽ ይበልጥ ይጠበቃል። አናኤሮቢክ ግራም ኔጌቲቭ ባክቴሪያዎች በሳፍራኒን ደብዘዝ ብለው ስለሚቀለሙ ከመግሉ ጀርባ ይጠፋሉ፤ በሳፍራኒን ፋንታ 0.1 በመቶ ቤዚክ ፉክሲን ብትጠቀሙ ጎልተው ይወጣሉ።

ያያችሁትን በዝርዝር ጻፉ። ጫፉ የሾለ ቀጭን ዘንግ ፊውዞባክቴሪየም ኑክሊያተምን ያስጠረጥራል። ትልቅ፣ ጫፉ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ሣጥን መሰል ግራም ፖዚቲቭ ዘንግ፣ በዙሪያውም ነጭ የደም ሴል ጥቂት ሆኖ ወይም ጨርሶ ጠፍቶ ከታየ፣ ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስና ጋዝ ጋንግሪን (ሥጋን የሚገድል ኢንፌክሽን) ሊሆን ይችላል። ይህን ያየ ባለሙያ ፕሌት አይጠብቅ፤ ወዲያውኑ ለሐኪሙ ስልክ ይደውል። በሽታው የሚገድለው በሰዓታት ውስጥ ነው።

ያያችኋቸውን ዓይነቶች ቁጥር መዝገቡ ላይ አኑሩ። ስላይዱ ላይ ሦስት ዓይነት ታይቶ ፕሌት ላይ አንድ ብቻ ካደገ፣ ሥራው አላለቀም።

መዝራትና ጃሩን መዝጋት

አንድ ናሙና ቢያንስ በእነዚህ ይዘራ፦ የብሩሴላ ደም አጋር፣ የባይል ኤስኩሊን አጋር፣ የቲዮግላይኮሌት ብሮዝ፣ እና በአየር ለሚያድጉት የተለመዱት የደም፣ የቸኮሌትና የማኮንኪ አጋሮች። በብሮዙ ውስጥ ስትዘሩ ወደ ታችኛው ክፍል ዝለቁ፤ አየርም አታስገቡ። በብሩሴላው ፕሌት ሁለተኛ ክፍል ላይ የ5 ማይክሮግራም ሜትሮኒዳዞል ዲስክ ብታስቀምጡ፣ ከ48 ሰዓት በኋላ በዙሪያው የሚፈጠረው ባዶ ክብ አናኤሮብ እንዳለ ይጠቁማል። ክብ አለመኖሩ ግን የለም ማለት አይደለም፤ አክቲኖማይሲስና ኪዩቲባክቴሪየም ሜትሮኒዳዞልን ይቋቋማሉ።

አሁን ጃሩ። በቅድሚያ አንድ ነገር፦ የሻማ ጃር አናኤሮቢክ ጃር አይደለም። ሻማው የሚጠፋው ኦክስጅኑ አልቆ አይደለም፤ አብዛኛው እዚያው ይቀራል። የሻማ ጃር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለሚፈልጉ ባክቴሪያዎች ጥሩ ነው፣ ለዚህ ሥራ ግን ምንም አይረዳም።

ትክክለኛው ጃር ጥብቅ ክዳን ያለው ሲሆን፣ ኦክስጅኑን የሚያስወግደው የጋዝ ፓኬት ነው። የቆየው ዓይነት ውሃ ሲጨመርበት ሃይድሮጅን ያወጣል፤ ፓላዲየም ካታሊስት ደግሞ ሃይድሮጅኑን ከኦክስጅን ጋር አዋሕዶ ውሃ ያደርገዋል። ካታሊስቱ በእርጥበት ስለሚደክም ከእያንዳንዱ አገልግሎት በኋላ በ160 ዲግሪ ምድጃ ለሁለት ሰዓት ይድረቅ። አዲሱ ዓይነት አስኮርቢክ አሲድ ያለበት ሲሆን ውሃም ካታሊስትም አይፈልግም፤ ከተከፈተ በአንድ ደቂቃ ገደማ ውስጥ ጃሩ ይዘጋ። የፓኬቱ መጠን ከጃሩ ሊትር ጋር ይመሳሰል። የደሴ አየር ስስ በመሆኑ ጃሩ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ከባሕር ወለሉ በሩብ ገደማ ያንሳል፤ እዚህ ላይ ከፍታው ለእኛ አድልቷል።

አመልካች ሳታስገቡ ጃር አትዝጉ። ሜቲሊን ብሉ ኦክስጅን ሲኖር ሰማያዊ፣ ሲጠፋ ቀለም አልባ ነው። ሬዛዙሪን ደግሞ ከሮዝ ወደ ቀለም አልባ ይሄዳል። በማግስቱ አመልካቹ ቀለም ካለው የዚያ ጃር ውጤት በሙሉ አይታመንም። ከታካሚው ፕሌት ጋር ሁለት መቆጣጠሪያ ጨምሩ፦ ማደግ ያለበት ባክቴሮይደስ ፍራጂሊስ ኤቲሲሲ 25285፣ እና ማደግ የሌለበት እንደ ማይክሮኮከስ ሉቴየስ ያለ አየር ፈላጊ።

ጃሩ ከ35 እስከ 37 ዲግሪ ይቀመጥ። መብራት ሲጠፋ ኢንኩቤተሩ ቢቀዘቅዝም ጃሩ ራሱ መብራት ስለማይፈልግ አየሩ አይበላሽም፤ የኢንኩቤተሩን በር ብቻ አትክፈቱ። ጋዝ በሲሊንደር ከሚፈልግ ቻምበር ይልቅ ጃርን ለከተሞቻችን የምመርጠው አንዱም በዚህ ምክንያት ነው። ከ48 ሰዓት በፊት አትክፈቱት፤ በእድገታቸው መጀመሪያ ላይ ለኦክስጅን እጅግ ስስ ናቸው። ጋዝ ጋንግሪን ከተጠረጠረ ሁለተኛ ፕሌት በሌላ ጃር ዘርታችሁ በ24 ሰዓት እዩት፤ ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ ፈጣን ነው። አክቲኖማይሲስ ሲጠረጠር ግን ከሳምንት በላይ ታገሡ።

የጃሩ እድገት ሁሉ አናኤሮብ አይደለም

እንደ ኢ. ኮላይ ያሉት አየር ኖረም አልኖረም ያድጋሉ። ስለዚህ እያንዳንዱን የኮሎኒ (በፕሌቱ ላይ የሚታይ የባክቴሪያ ክምር) ዓይነት ለየብቻው በሦስት ቦታ ዝሩ፦ በአየር በተቀመጠ የደም አጋር፣ በሻማ ጃር በተቀመጠ የቸኮሌት አጋር፣ እና በአናኤሮቢክ ጃር በተቀመጠ የብሩሴላ አጋር። በሦስተኛው ላይ ብቻ ካደገ አናኤሮብ ነው። የቸኮሌቱን ፕሌት እንዳትዘሉት፤ ሄሞፊለስና መሰሎቹ በተራ የደም አጋር ላይ ስለማያድጉ ያለ እሱ አናኤሮብ ተብለው ያልፋሉ።

ኮሎኒ ስትለቅሙ ፕሌቶቹ አየር ላይ ከ20 ደቂቃ በላይ አይቆዩ። ያልተጠናቀቀው ሥራ ወደ ጃር ተመልሶ በኋላ ይቀጥል።

ሦስቱ ዲስኮች

በትንሽ ወጪ ብዙ የሚናገሩት እነዚህ ናቸው፦ ቫንኮማይሲን 5 ማይክሮግራም፣ ካናማይሲን 1,000 ማይክሮግራም፣ ኮሊስቲን 10 ማይክሮግራም። ይዘታቸው ለሕክምና መድኃኒት ምርጫ ከሚውሉት ዲስኮች ስለሚለይ ውጤታቸው ለሐኪም አይላክም፤ የሚያገለግሉት ለመለየት ብቻ ነው። ንጹሑን ባክቴሪያ በብሩሴላ አጋር ላይ ጥቅጥቅ አድርጋችሁ ዝሩ፣ ዲስኮቹን አራርቃችሁ አስቀምጡ፣ 48 ሰዓት በጃር አቆዩ። ባዶው ክብ 10 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ ተሸናፊ፣ ከዚያ በታች ከሆነ ተቋቋሚ ይባላል።

ግራም ፖዚቲቭ አናኤሮቦች በአብዛኛው ለቫንኮማይሲን ይሸነፋሉ፣ ኮሊስቲንን ይቋቋማሉ። ይህ እጅግ ጠቃሚ ነው፤ አንዳንድ የክሎስትሪዲየም ዝርያዎች በግራም ቀለም ሮዝ ሆነው ያታልላሉና። ስላይዱ ሮዝ ቢልም ቫንኮማይሲን ሰፊ ክብ ከሠራ ቆም በሉ። በ3 በመቶ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ጠብታ ላይ ኮሎኒውን አማስሉ፤ እውነተኛ ግራም ኔጌቲቭ ከሆነ ሉፑን (የመዝሪያ ሽቦውን) ስታነሱ ይዝለገለጋል።

ግራም ኔጌቲቭ ዘንጎች እንዲህ ይከፈላሉ። ሦስቱንም ከተቋቋመና በባይል ኤስኩሊን ላይ አጥቁሮ ካደገ የባክቴሮይደስ ፍራጂሊስ ቡድን ነው። ቫንኮማይሲንን ተቋቁሞ ለሁለቱ ከተሸነፈ ፊውዞባክቴሪየምን አስቡ። ቫንኮማይሲንና ካናማይሲንን ተቋቁሞ ኮሊስቲን ላይ ከተለዋወጠ ፕሪቮቴላ ሊሆን ይችላል። ፖርፊሮሞናስ ከደንቡ የወጣ ነው፤ ግራም ኔጌቲቭ ሆኖ ሳለ ለቫንኮማይሲን ይሸነፋል። ለዚህም ነው ቫንኮማይሲን ባለበት አጋር ላይ የማይገኘው። ክብ ሆኖ ደቃቅ የሆነው ግራም ኔጌቲቭ ቬይሎኔላ የዲስክ መልኩ ከፊውዞባክቴሪየም ጋር አንድ ስለሆነ የሚለየው በቅርጹ ነው።

ግራም ፖዚቲቭ ክብ ከሆነ የኤስፒኤስ (ሶዲየም ፖሊአኔቶል ሰልፎኔት) ዲስክ ጨምሩ። 12 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ክብ ከሠራ ፔፕቶስትሬፕቶኮከስ አናኤሮቢየስ ነው።

ፈጣን ምርመራዎች

የካታሌዝ ኢንዛይም ምርመራ በ15 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይሠራል፤ የተለመደው 3 በመቶ ለአናኤሮብ ደካማ ነው። ለዚህ ምርመራ የሚውለው ፕሌት መጀመሪያ 30 ደቂቃ አየር ላይ ይቆይ። ኢንዶል በማጣሪያ ወረቀት ላይ በፓራ ዳይሜቲልአሚኖሲናማልዲሃይድ ይታያል፤ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ሲሆን አለ ማለት ነው። ሁለቱም አዎንታዊ የሆኑበት፣ ቅርንጫፍ የሚመስል ግራም ፖዚቲቭ ዘንግ አብዛኛውን ጊዜ ኪዩቲባክቴሪየም አክኒስ ነው። ይህ የቆዳ ነዋሪ ስለሆነ በአንድ የደም ጠርሙስ ብቻ ሲገኝ ብክለት ሊሆን ይችላል።

365 ናኖሜትር የሚያወጣ አልትራቫዮሌት መብራት ካላችሁ ፕሌቱን በጨለማ እዩበት። ጥቁር ቀለም የሚያወጡት ፕሪቮቴላዎች ጥቁረታቸው ሳይታይ በፊት እንደ ጡብ ቀልተው ያበራሉ። ጥቁረቱ ራሱ ሳምንት ሊፈጅ ይችላል።

ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስን ለማረጋገጥ ሦስት ነገር በቂ ነው። በደም አጋር ላይ ውስጡ ጥርት ያለ፣ ውጩ ደብዛዛ የሆነ ድርብ ክብ ይሠራል። በእንቁላል አስኳል አጋር ላይ ሌሲቲኔዝ የተባለ ኢንዛይም ስላለው ዙሪያው ነጭ ይደፈርሳል። ስትሬፕቶኮከስ አጋላክቲዬ በመሀል መስመር ተዘርቶ እሱ በጎን ሲዘራ ደግሞ መገናኛቸው ላይ የቀስት ጫፍ የሚመስል የደም መሟሟት ይወጣል። ስፖሩን ስላይድ ላይ ካላያችሁ አትደነቁ፤ እሱ ስፖሩን አልፎ አልፎ ብቻ ያሳያል። አርሶ አደሩ አባ ጎርባ የሚለውን የከብት በሽታ የሚያመጣው ክሎስትሪዲየም ሾቪ የዚሁ ወገን ነው፤ የእንስሳት ላቦራቶሪ ባለሙያዎች ይህን መንገድ ያውቁታልና ተመካከሩ።

ቴታነስና ቦቱሊዝም ግን የሚታወቁት በታካሚው ምልክት ነው። ቦቱሊዝም ከተጠረጠረ ባክቴሪያውን ለማሳደግ አትሞክሩ፤ ወደ ብሔራዊ ማዕከል ይተላለፍ።

ተጨማሪ አቅም ያለው ላቦራቶሪ እንደ ኤፒአይ 20ኤ ወይም ራፒድ አና ያሉ ዝግጁ ኪቶችን፣ ወይም እንደ ቪቴክና ማልዲ ቶፍ ያሉ መለያ ማሽኖችን ሊጠቀም ይችላል። ሁሉም የሚሠሩት ንጹሕና አናኤሮብነቱ በተረጋገጠ ኮሎኒ ላይ ነው።

ውጤቱን መጻፍ

ሪፖርቱ በሦስት ጊዜ ይውጣ። በመጀመሪያው ቀን የግራም ውጤት፤ ከ48 ሰዓት በኋላ «አናኤሮቢክ ግራም ኔጌቲቭ ዘንግ አድጓል፣ መለየቱ ቀጥሏል» የሚል፤ ከዲስኮቹ በኋላ ደግሞ ቡድኑ ወይም ዝርያው። ላቦራቶሪያችሁ አናኤሮቢክ ምርመራ የማይሠራ ከሆነ ይህንኑ ጻፉ፦ «በአየር የሚያድግ ባክቴሪያ አልተገኘም፤ በግራም ስቴይን ግን ባክቴሪያ ታይቷል፤ አናኤሮቢክ ካልቸር አልተሠራም።» አንድ ተጨማሪ መስመር ነው፤ ለሐኪሙ ግን ትልቅ ልዩነት አለው።

ሐኪሙ ሲደውል ልትነግሩት የምትችሉት ነገር አለ። ጄንታማይሲን ወደ ሴሉ ለመግባት ኦክስጅን የሚጠቀም ሂደት ስለሚፈልግ አናኤሮብን አይነካም። የባክቴሮይደስ ፍራጂሊስ ቡድን ፔኒሲሊንን እንደሚቋቋም መገመት ይቻላል። የመድኃኒት ምርመራን በተመለከተ ዩካስት (የአውሮፓ የመድኃኒት ተጋላጭነት ምርመራ ኮሚቴ) ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባክቴሮይደስንና ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስን ጨምሮ ለጥቂቶቹ የዲስክ ዘዴ አውጥቷል፤ የሚሠራው ግን ለዚሁ በተወሰነው ፋስቲዲየስ አናኤሮብ አጋር ላይ ብቻ ነው። ለተራ ባክቴሪያ በተዘጋጀ ሠንጠረዥ አናኤሮብን አታንብቡ።

ጠረጴዛውን በአልኮል ብቻ አትጥረጉ፤ ስፖር በአልኮል አይሞትምና በአዲስ የተበጠበጠ በረኪና ተጠቀሙ። ፕሌቶቹ በ121 ዲግሪ አውቶክሌቭ ሳይደረጉ አይጣሉ። ያገኛችሁትን ክሎስትሪዲየም ለሥልጠና ማቆየት ከፈለጋችሁ በተቀቀለ ሥጋ ሚዲያ ውስጥ በክፍል ሙቀት ለወራት ይኖራል፤ ባክቴሮይደስና ፊውዞባክቴሪየም ግን በ20 በመቶ ስብ አልባ ወተት ውስጥ ሆነው ከዜሮ በታች 70 ዲግሪ መቀመጥ አለባቸው።